ማስቱራ ከራሷ የጨመረቻት ጥያቄ

የሔራት ጨርቅ ተራ ነጋዴዎች ማስቱራን ገና በልጅነቷ ያወቋት በጥያቄዋ ነው። ከአባቷ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ቀይ ሐር ሊገዛ የመጣውን ሰው፣ «ለማን ነው? ለሠርግ ነው? ሙሽራዋን አይተዋታል ወይስ ሳያዩ ነው የሚያገቧት?» ትለው ነበር። አንዳንዱ ስቆ ይመልስላታል፤ አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። የሚሻገረው ሲበዛ አባቷ፣ «ይቺን ልጅ መስጊድ ካላስገባኋት እሷ ከገበያ ታስወጣኛለች» አለና ቁርኣን እንድትቀራ ላካት።

እዚያም አላረፈችም። ሽማግሌው መምህር አንድ ቀን ዐረብኛ ለአንድ ሰው አንድ ዓይነት፣ ለብዙ ሰው ሌላ ዓይነት፣ ለሁለት ሰው ደግሞ ለብቻው የሆነ አነጋገር እንዳለው ሲያስተምሩ እጇን አነሳች።

«ሁለት ሰዎች ምን የተለየ ነገር ቢኖራቸው ነው ለብቻቸው የተሠራላቸው?»

መምህሩ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «እኔ የሔራት ሰው ነኝ ልጄ። ዐረብ ስታገኚ ጠይቂ» አሏት።

ዐረብ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ራሱን ቋንቋውን ልታጠና ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ስትመረቅም በአንድ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዐረብኛ አስተማሪ ሆነች። ተማሪዎቿ ይፈሯት ነበር። መትታቸው አታውቅም፤ ግን ትክክለኛውን መልስ ከመለሱላት በኋላ እንኳ፣ «እሺ፣ ለምን?» ትላቸዋለች።

ታሊባን ከተማዋን ሲይዝ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያሉ ሴት ልጆች ቤት ይቆዩ ተባለ። ለጊዜው ነው ተባለ። በጸደይ ይከፈታል ተብሎ ልጆቹ ጥቁር ቀሚሳቸውንና ነጭ ሻሻቸውን ተኩሰው የሄዱ ዕለት፣ ወንበራቸው ሳይሞቅ ተመለሱ። የማስቱራ ልጅ ሞርሳልም ከእነሱ ጋር ነበረች። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ጥግ ላይ ወረወረችና፣ «እማ፣ ‹ለጊዜው› የሚባለው ስንት ጊዜ ነው?» አለች። ማስቱራ ሰው ሁሉ በእሷ ጥያቄ ምን ይሰማው እንደነበር ያን ቀን ገባት። 

ባሏ ኢራን፣ ማሽሃድ ውስጥ ግንበኛ ነው፤ ለኢድ ካልሆነ አይመጣም። ቤት የቀሩት እሷ፣ ሞርሳልና የባሏ አባት ባባ ቃዲር ናቸው። ባባ ቃዲር ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሾፌርነት የፈጁ ሰው ናቸው። አንዱ ጆሯቸው አይሰማም፤ የትኛው እንደሆነ ግን እንደ ወሬው ዓይነት ይለዋወጣል።

በመከር ወቅት፣ ሦስቱም ግቢ ውስጥ የሳፍሮን አበባ ክምር ከበው ለቅመም የሚሸጠውን ቀዩን ክር ከወይን ጠጅ ቅጠሉ እየለዩ ሳለ በር ተንኳኳ። ባባ ቃዲር ከፈቱ። የገባው ጥቁር ጥምጥም ያሰረ ለግላጋ ወጣት ነው። ስሙ ቃሪ ዘቢህ እንደሆነ፣ የመጣውም ከአስተዳደሩ የእንግዳ ቢሮ እንደሆነ ተናገረ። ሴቶቹን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«እዚህ ቤት ዐረብኛ የምትናገር ሴት አለች ተብለን ነው» አለ።

«ግድግዳው ዐረብኛ አይችልም» አሉ ባባ ቃዲር። «ለእኔ ንገረኝ።»

ወጣቱ ፊቱ ቀላ። ከሙስሊም አገሮች የተውጣጡ ዑለማዎች፣ የሃይማኖት ሊቃውንት፣ ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ሊነጋገሩ እየመጡ ነው፤ አንዷ ሴት ናት፣ ከኢንዶኔዥያ። ወንድ አጠገቧ ተቀምጦ ሊተረጉምላት አይሆንም። የግድ ሴት ትፈለጋለች።

«እና አጣችሁ?» አለች ማስቱራ።

«ፈለግን። አንዷ ኢራን ገብታለች። ሌላዋ ጀርመን ናት አሉን። አንዷ ደግሞ ቤቷ ሄደን አልከፍትም አለች።»

«አምና ሁላችንም አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበርን እኮ። በሩን የዘጋችሁ ዕለት ብትጠሩን ሁላችንም እንሰማ ነበር።»

ወጣቱ ግድግዳውን ይበልጥ ተጠጋ። «እህቴ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ።»

ሞርሳል አበባው ላይ አጎንብሳ ሳቋን አፈነች።

«ያለ መህረም፣ የቅርብ ወንድ ዘመድ ሳያጅባት፣ ከቤት አትወጣም» አሉ ባባ ቃዲር። «ባሏ ኢራን ነው፤ ስለዚህ መህረሟ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ያለ ምሳ አልወጣም።»

«ምሳ አለ አባቴ።»

«ሥጋ ያለው?»

«ሥጋ ያለው።»

«እንግዲህ የዲን ጉዳይ ከሆነ እምቢ አይባልም።»

ወጣቱ እንደወጣ ሞርሳል ቀና አለች። «ልትሄጂ ነው? ራሳቸው ዘግተው፣ ሲቸግራቸው ደግሞ አንቺን ይጠሩሻል፣ አንቺም አቤት ትያለሽ?»

«ሴት ዓሊም አይቼ አላውቅም» አለች ማስቱራ። «ያውም ከኢንዶኔዥያ። ምን ዓይነት ሰው ትሆን?» ይህን ስትል ትንሽ አፈረች፤ የሚያስኬዳት ሌላ ትልቅ ምክንያት ቢኖር ደስ ባላት ነበር። ግን እውነቱ እሱ ነው፤ ማየት ፈለገች።

ከኢንዶኔዥያ የመጡት ኡስታዛ ኻይሪያ አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ ሳቅ የሚቀናቸው ሴት ሆነው ተገኙ። ፊታቸው ክፍት ነው፤ ሻሻቸው አበባ በአበባ ነው። ቃሪ ዘቢህ የመኪና በር ሲከፍትላቸው ዓይኑን የት እንደሚጥል ጠፍቶት ሰማይ ሰማይ እያየ በሩን ጣቱ ላይ ዘጋው። ኡስታዛ ካገራቸው ያመጡትን ቅባት ከቦርሳቸው አውጥተው ለማስቱራ ሰጡ፤ ማስቱራ ለባባ ቃዲር፣ ባባ ቃዲር ለወጣቱ። ወጣቱ ጣቱን ቀብቶ ጠርሙሱን በዚያው መንገድ መለሰ።

መኪናው ውስጥ ማስቱራ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀቻቸው ያንን የልጅነት ጥያቄዋን ነበር፤ ለሁለት ሰው ለምን ለብቻው አነጋገር ተሠራለት?

ኡስታዛ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔም ዐረብ አይደለሁም እኮ! ልጅ ሆኜ ይህንኑ ብጠይቅ አጎቴ ጣቴን በእርሳስ መቱኝ። መልሱን ካገኘሽ ላኪልኝ።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ፈሰሰ። ኡስታዛ ጃቫ ደሴት ላይ፣ በሩዝ ማሳ መካከል፣ ወንዶችም ሴቶችም አዳሪ ሆነው የሚማሩበት መድረሳ ያስተዳድራሉ።

«ወንዶቹንም እርስዎ ያስተምራሉ?»

«አስተምራለሁ።»

«አይናደዱም?»

«ፈተና ስጥላቸው ይናደዳሉ።»

መድረሳውን የጀመሩት አያታቸው ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ፣ ጥቂት ሴት ልጆች ሰብስበው። ያኔ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቆጥተው ሲመጡ፣ ሶላቷን አጥርታ የምትሰግድ ልጅ ነው የማፈራው ብለው መለሱ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄዱ። ሒሳቡም፣ ሳይንሱም ቀስ እያለ በዚያው በረንዳ ገባ።

ባባ ቃዲር ከፊት ወንበር ዞር አሉ። «አገራቸው ምን እንደሚበሉ ጠይቂልኝ።»

«ሩዝ ይላሉ። ከዓሣ ጋር።»

«ቁርስም?»

«ቁርስም።»

«ያሳዝናሉ» አሉ ባባ ቃዲርና ወደ መንገዱ ተመለሱ።

ማስቱራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እናንተ ዘንድስ፣ ኡስታዛ፣ እንዲህ ያሉ የሉም? አክራሪ?»

የኡስታዛ ሳቅ ቆመ። «የእህቴ ልጅ አንዱ ነበር። ቦምብ ከሚያፈነዱት ጋር ገባ። ተይዞ ታሰረ። በየጊዜው እየሄድኩ ምን ብለው እንደወሰዱት እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ዝም። አንድ ቀን ምን አለኝ? ‹እነሱ ሳልጠይቃቸው መልስ ይሰጡኝ ነበር። አንቺ ግን ስጠይቅሽ ሌላ ጥያቄ ነው የምትሰጪኝ። ደከመኝ› አለኝ።»

«ተመለሰ?»

«ተፈታ። አሁን ዳክዬ ያረባል። ስለ ሃይማኖት ወሬ ከተነሳ ግን ተነስቶ ይወጣል። አሸነፍን ብዬ አላወራም።»

«የሙስሊም መንግሥታትስ ምን ያደርጋሉ?»

«አንዱ ያስራል። አንዱ እስር ቤት ውስጥ መምህር ይልካል። አንዱ ወደ ጎረቤት አገር እስኪሄዱለት ይጠብቃል። እኛ አሮጌዎቹን ደግሞ እንዲህ በአውሮፕላን ይልኩናል፤ በዲን ቋንቋ የተነገራቸውን ይሰሙ ይሆናል ብለው።»

«ሰምተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም ልጄ» አሉ ኡስታዛ።

ማስቱራ የወደደቻቸው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሁሉ አገር ዞረው፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብበው፣ የማያውቁትን አላውቅም ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ የንግሥት ጎሃርሻድን መቃብርና ያዘመሙትን ሚናራዎች ሊያዩ ሄዱ። ኡስታዛ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ «ይህ ምን ነበር?» አሉ። ቃሪ ዘቢህ ለሚናራው መለሰ። «መስጊድና መድረሳ። ንግሥቲቱ ናት ያሠራችው።»

«ሴት መድረሳ አሠራች?»

«ገንዘቡ የእሷ ነው» አለ ወጣቱ ቶሎ ብሎ፤ «ተቀምጣ ግን አልተማረችበትም።»

«እሷስ የት ተማረች? ማን አስተማራት?»

ማስቱራ ስትተረጉምለት ወጣቱ፣ «እሱን አላነበብኩም» አለ። ሌሎቹ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ እሱ ጥቂት ወደኋላ ቀረ።

ጉባኤው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ወንዶቹ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። ጥግ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ፤ ከጀርባው ኡስታዛና ማስቱራ። ባባ ቃዲር መጋረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ግማሽ አካላቸው ከወንዶቹ፣ ግማሹ ከሴቶቹ ዘንድ ነው። የአስተናጋጆቹ አፈ ጉባኤ የክፍለ ሀገሩን ትምህርት የሚመሩት መውላዊ ሰይፉረህማን ናቸው። መውላዊ በውርስ ሕግ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ አባት የሞተበት፣ መሬት ያጣላው ገበሬ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር።

የዑለማዎቹ መሪ፣ ከሞሮኮ የመጡ ሸይኽ፣ ስለ ዕውቀት ክብር ረጅም ንግግር አደረጉ። መውላዊ እያንዳንዱን ነገር ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ። «ትምህርትን አልከለከልንም» አሉ በመጨረሻ። «ሁኔታው እስኪመቻች ለጊዜው አቆይተነዋል።» ሸይኹ ሌላ አንቀጽ ጠቀሱ፤ መውላዊ ሌላ ምስጋና መለሱ። ሁሉም ተስማምቷል፤ የተነቃነቀ ነገር ግን የለም። ማስቱራ በአራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ሰዎች እየተጨባበጡ ሲዞሩ የምታይ መሰላት።

ያኔ ኡስታዛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው በዐረብኛ፣ ማስቱራ በአገሬው ቋንቋ በዳሪ፤

«ለምን ከለከላችሁ አልልም፤ እሱን ሌሎች ብለውታል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ያልከለከላችሁትን ነው።»

መውላዊ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ያልከለከልነውን?»

«ለሴት ልጅ የሶላት ትምህርት?»

«እሱማ ግዴታዋ ነው።»

«ዐረብኛ?»

«የቁርኣን ቋንቋ እንዴት ይከለከላል?»

«የውርስ ሕግስ?»

የመውላዊ ድምፅ ወዲያው ሞቀ። «የውርስ ሕግ የዕውቀት ግማሽ ነው ተብሏል።»

«እንግዲያው ሴት ልጅ ለስድስት፣ ለስምንት፣ ለሃያ አራት ማካፈል ትማራለች ማለት ነው?»

«ካላካፈለች ምኑን አወረሰችው?» ወንዶቹ ሳቁ።

«ቂብላን፣ የሶላትን አቅጣጫ፣ ለማወቅ የፀሐይንና የምድርን ነገር?»

«እሱም ለሶላት ነው።»

«ዕድሜዋ እስከ ስንት?»

«የዲን ዕውቀት የዕድሜ ወሰን የለውም።»

ኡስታዛ አመስግነው ሻያቸውን አነሱ። ሸይኹ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ልብሳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ማስቱራ ግን ጣቷን እያጠፈች ጥያቄዎቹን ቆጠረች። አንድ ጥያቄ ቀርታለች። ይቺን ጥያቄ ማንም አያያትም እንዴ? ማንም ካልጠየቃት ይህ ሁሉ መልስ ምን ያደርጋል? አስተርጓሚ ከራሷ አትናገርም፤ ይህን ታውቃለች። አፏ ግን ቀደማት፤ በዳሪ፤

«ይህንን የሚያስተምራቸውስ ማነው? ሴት ማስተማር ትችላለች?»

ባባ ቃዲር የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው አዞሩ።

«ሴቶችን ሴት ካላስተማረቻቸው ማን ሊያስተምራቸው ነው? እኔ ልግባ?» አሉ መውላዊ። እንደገና ተሳቀ። «ሴት ናት የምታስተምረው።»

ማስቱራ ኡስታዛ ያልጠየቁትን ጥያቄ መልስ ወደ ዐረብኛ መመለስ ነበረባት። «‹ሴት ናት የምታስተምረው› ይላሉ» አለች።

ኡስታዛ ብርጭቋቸውን እንደያዙ አዩዋት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሁ» አሏት።

እንግዶቹ ሄዱ። በሬዲዮ መግለጫ ተነበበ፤ ሁለቱም ወገን ተመሰጋገነ። ትምህርት ቤቶቹ እንደተዘጉ ናቸው። ሰፈሩ፣ «መጡ፣ ሩዝ በሉ፣ ሄዱ» እያለ ቀለደባቸው። ማስቱራ ግን ሳምንት ሳይሞላ ባባ ቃዲርን አስከትላ መውላዊ ቢሮ ሄደች።

መውላዊ መቁጠሪያቸውን እያንሸራተቱ ጠረጴዛቸውን ያያሉ። «ድምፅሽን አውቄዋለሁ» አሉ። «ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ የእንግዳዋ አልነበረችም። እኔ ዐረብኛ አልናገርም እንጂ እሰማለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ዐረብኛ ሳይወጣ ዳሪ ወጣ።»

«ምን አሉ?» አሉ ባባ ቃዲር፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጆሯቸው የሚሰማ አይመስልም።

«ለምን ጠየቅሽ?» አሉ መውላዊ።

«መልሱን ስለማላውቀው።»

መውላዊ ይህን መልስ አልጠበቁም መሰል፣ መቁጠሪያው ቆመ። «አሁንስ?»

«አሁን ከእርስዎ ሰማሁ። ሴት ናት የምታስተምረው። እኔ ሴት ነኝ፤ ዐረብኛ አስተምራለሁ፤ ውርስም ተምሬያለሁ።»

«ወረቀት አልሰጥሽም» አሉ መውላዊ። «ወረቀት ከጻፍኩ ከላይ ይጠይቁኛል። ሰፈርሽ ያለው መስጊድ የሴቶች ክፍል አለው። የዲን ትምህርት ነው። ከዲን ከወጣሽ የምዘጋው እኔው ነኝ።»

«ከዲን ወጣ የሚባለው ከየት ጀምሮ ነው?»

«ባባ» አሉ መውላዊ፣ «ይቺን ሴት ቶሎ ቤት ይውሰዱልኝ።»

ትምህርቱ ሲጀመር የጎረቤት ልጆች መጡ፤ ሞርሳል አልመጣችም።

«እኔ ፋርማሲስት ነው መሆን የምፈልገው፤ ሙፍቲ አይደለም» አለቻት እናቷን። «በበር መግባት ሲገባኝ በመስኮት አሾልከሽ ልታስገቢኝ ነው? እነሱም ይኸው ይማራሉ ይበሉ?»

«ልክ ነሽ» አለች ማስቱራ። ሞርሳል ክርክር ጠብቃ ነበር።

የጎተታት ሌላ ነገር ነው። አንድ ምሽት እራት ላይ ማስቱራ ለባባ ቃዲር የዕለቱን ትምህርት ትነግራቸዋለች፤ ሴትዮዋ ሞተች፤ ባልና ሁለት እህቶች አሏት፤ ልጅ የላትም። ለባል ግማሽ፣ ለእህቶቹ ሁለት ሦስተኛ።

«አይሆንም» አለች ሞርሳል ዳቦዋን እንደያዘች።

«ምኑ?»

«ግማሽና ሁለት ሦስተኛ ተደምሮ ከአንድ ይበልጣል! የሌለ መሬት ከየት ይመጣል?»

«ሕጉ ግን እንዲህ ይላል።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?» ሞርሳል ምግቡ በቀረበበት ሶፍራ ላይ በጣቷ መስመር ማስመር ጀመረች። እናቷ አልነገረቻትም። በማግስቱ ልጅቷ ሻሿን አስራ ከሌሎቹ ጋር ተቀመጠች፤ የድሮዎቹ ዳኞች መሬቱን በስድስት ፈንታ በሰባት ከፍለው የሁሉንም ድርሻ በየመጠኑ እንዳሳነሱት እስክትሰማ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ነበር። «ጮሌዎች ናቸው» አለች።

ብዙም ሳይቆይ መውላዊ የወንድማቸውን ልጅ ሐስናን ላኳት። ልጆቹ ሰላይ ናት ብለው ከአጠገቧ ሸሹ፤ እሷም ከጥግ ሆና ሳምንታት ዝም አለች። አንድ ቀን ግን፣ «ቂብላ ወደ ምዕራብ ከሆነ፣ ቀጥታ ወደ ምዕራብ ብሄድ መካ እደርሳለሁ?» ብላ ጠየቀች። ማስቱራ ለመመለስ ሮማን አመጣች። ነጭ መርፌ ሔራት ላይ፣ ቀይ መርፌ መካ ላይ ሰኩና ክር ዘረጉ። ክሩ ቀጥ ብሎ ምዕራብ አልሄደም። ሐስና ሮማኑን እያገላበጠች፣ «እንዴ!» አለች፤ ከዚያ ቀን በኋላ አፏን የሚያስይዛት ጠፋ።

ቃሪ ዘቢህ ለቁጥጥር የመጣው ሮማኑ ምንጣፉ ላይ ሳለ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን አዞረ። «ይሄ ምንድነው?»

«ቂብላ» አሉ ልጆቹ።

«ሮማን ነው ያየሁት።»

«ምድር ናት እሷ። መካ ቀይ መርፌው ናት።»

ወጣቱ ለበሩ መቃን፣ «ክሩ ለምንድነው የጎበጠው?» አለ። ሐስና አስረዳችው፤ አልገባኝም አለ፤ ደግማ አስረዳችው። ሲወጣ ስለ ቁጥጥሩ ምንም አላለም።

በጸደይ መውላዊ ሰይፉረህማን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። ለሴቶች ልባቸው ራርቶ ነው ያለም አለ፣ ራሳቸው ጠይቀው ነው ያለም አለ፤ እውነቱን ያወቀ የለም። ሐስናም አብራቸው ሄደች። የተተኩት ሰው ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ብለው አዘጉት። ማስቱራ እንደገና ቤት ዋለች። ከጃቫ በስልክ የኡስታዛ የድምፅ መልእክት መጣላት፤ «ስለ እናንተ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ፤ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ምን እንደሚሠራላችሁ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ?» ይላል። ማስቱራ ብዙ አስባ፣ «አላውቅም፤ ግን ይናገሩ» ብላ መለሰች።

በጋው ላይ፣ ንፋሱ በሔራት አቧራ ሲያስነሳ፣ ከከተማው ዳር ያሉ አንድ ሽማግሌ ኢማም ወሬውን ሰምተው አስጠሯት። «ውርስ ነው አይደል የምታስተምሪው? ሰፈሬ በውርስ እየተጋደለ ነው። ግቢ» አሏት። ከድሮዎቹ ግማሾቹ መጡ። ሞርሳል መጣች፤ ፋርማሲስት እሆናለሁ ማለቷን አልተወችም። አዲሶችም ነበሩ፤ አንዷ ጉልባኑ ትባላለች፤ ከገጠር አጎቷ በሞተር ያመጣታል።

በመጀመሪያው ቀን ማስቱራ እንደ ልማዷ፣ «ጥያቄ ያላችሁ?» አለች። ጉልባኑ እጇን አነሳች።

«አባቴ ወደ ቱርክ በተራራ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። አጎቶቼ ሞቷል፣ የወይን ማሳውን እንካፈል ይላሉ፤ እናቴ አልሞተም ትላለች። በሕጉ የሞተ የሚባለው መቼ ነው?»

እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ በዚያ መንገድ ሰው ያልሸኘች የለችም። ማስቱራ የሰው አገር ያለው ባሏ ትዝ አላት፤ ትናንት ደውሏል።

«ስለ ጠፋ ሰው ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ንብረቱ ይጠበቅለታል፣ ዝም ብሎ አይነካም። እስከ መቼ የሚለው ላይ ግን ዑለማዎቹ አልተስማሙም።»

«ለምን አልተስማሙም?» አለች ሞርሳል።

«በጠፋው ሰው ቦታ ሆነው ያሰቡ አሉ፤ በምትጠብቀው ሚስት ቦታ ሆነው ያሰቡም አሉ።»

ጉልባኑ ወደፊት ጠጋ አለች። «በእናቴ ቦታ ሆኖ ያሰበውስ ማን ነው?»

«መልሱ ረጅም ነው» አለች ማስቱራ። «ኑ፣ ሁላችሁም ቀረብ በሉ፤ ከመጀመሪያው እንየው።»